አምበርና እህቶቿ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚገሰግስ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሉማሜ ከታለፈች በኋላ ተሳፋሪው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ፌስታል ይወርዳል፣ ነጠላ ይስተካከላል፣ ስልክ ይደወላል፤ «ማርቆስ ልንገባ ነው፣ መናኸሪያ ጠብቀኝ» ይባላል። አምበር የምትታየው በዚህ ግርግር መካከል ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሻይ ቤት በረንዳ፣ አስፋልቱን ለመሻገር የሚጣደፉ በጎች፣ ጥቁር አረንጓዴ ቁምጣ ለብሶ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ ገበሬ፤ ከዚያ እንደገና ሜዳው። ለማርቆስ ከመጠን በላይ ቀርባለችና መንገደኛ ምሳ አይበላባትም፤ አያድርባትምም።

አምበር የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው ራሱ ከጎዛምን ተከፍሎ የወጣ ነው። በስተሰሜን የጮቄ ተራራ ትከሻ ይታያል። ከጮቄ የሚነሡት ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃ ሜዳውን እየሰነጠቁ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ከተራራው ግርጌ እስከ በረሃው አፋፍ የተዘረጋው አገር የጤፍ፣ የስንዴ፣ የጓያና የኑግ አገር ነው። ዋልካው አፈር በክረምት እግር ይዞ አይለቅም፤ በመስከረም ደግሞ ያንኑ አፈር አረንጓዴ ሸፍኖት አይን ይማርካል። እንዲህ ያለ ለምለም አገር መሐል ላይ የቆመች ከተማ ለምን ልጆቿን ማቆየት ተሳናት? የአምበር ብቻ ጥያቄ አይደለም። የቢቸናም፣ የሞጣም፣ በመካከል የተዘሩት ትናንሽ ከተሞች ሁሉ ጥያቄ ነው።

ደጀን ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንዱ በሉማሜና በአምበር አድርጎ ማርቆስ ይገባል። ሌላው ወደ ሰሜን ታጥፎ በየትመን ቢቸናን፣ ከዚያም ደብረ ወርቅን፣ ፈለገ ብርሃንን፣ ግንደ ወይንን እያለፈ ሞጣ ይደርሳል፤ ከሞጣም በአዴት በኩል ባሕር ዳር ይወጣል። ጮቄ በሁለቱ መካከል ቆሟል። በሁለቱ መንገዶች ዳር ያሉት ከተሞች የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ አንዷን የመታው ሌላዋንም ሳይነካ አላለፈም።

የመኪናው መንገድ ትዝታ ከጣሊያን ይጀምራል። ከዓባይ ማዶ ወደ ማርቆስ የሚወስደው መስመር በአምስቱ የወረራ ዓመታት የወታደር መንገድ ነበር። በመጋቢት 1933 ማርቆስን ለቅቆ የሸሸው የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር፣ ሴትና ሕፃን ያስከተለ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይዞ፣ ወደ ዓባይ መሻገሪያ ወደ ሸፈርታክ የወረደው በዚሁ አገር ነው። ጠላት ሲወጣ መንገዱ ቀረ። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት መኪናና ከእሱ በኋላ የመጣው ኤንትሬ እያቃሰቱ ዓባይን መውጣት ጀመሩ። ሞተሩ የጋለ መኪና ውኃ ይፈልጋል፣ ሹፌሩ ሻይ ይፈልጋል፣ ረዳቱ እንጀራ ይፈልጋል። የመንገድ ዳር ከተማ የሚያድገው በዚህ ነው። ዝግተኛ መኪና ለትንሽ ከተማ ሲሳይ ነበር።

ቢቸናና ሞጣ ግን ከሻይና ከእንጀራ የበለጠ ነገር ነበራቸው። ጎጃም ጠቅላይ ግዛት በሰባት አውራጃ የተከፈለ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ አገው ምድርና መተከል። የአውራጃ ከተማ መሆን ማለት ገዥ፣ ፍርድ ቤት፣ ግምጃ ቤት፣ ፖሊስና ወኅኒ ማግኘት ነው። ሞጣማ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የአገር ውስጥ በረራ ካርታ ላይ የነበረች ከተማ ናት። ክረምት ወንዝ ሞልቶ መኪና ሲቆም፣ ከሰማይ የምትወርድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ጋር ታገናኛት ነበር። ዛሬ ይህን ለወጣት ሲነግሩት ተረት ይመስለዋል።

ከሁሉ በላይ ከተሞቹን ያቆመው ሙግት ነበር። በጎጃም ርስት ከአቅኚ አባት ጀምሮ በእናትም በአባትም ወገን በሚቆጠር ሐረግ የሚጠየቅ ነበርና፣ አንድ ሰው ዘሩን ቆጥሮ ድርሻዬ ይገባኛል ካለ ክርክሩ ተከፈተ ማለት ነው። ባላገሩ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ቋጥሮ፣ ምስክሮቹን አስከትሎ ቢቸና ወይም ሞጣ ይገባል። ማመልከቻ ጸሐፊው በዛፍ ጥላ ሥር ወረቀቱን ዘርግቶ ይጠብቀዋል። ጠበቃው አለ፣ ዋስ ፍለጋው አለ፣ የዳኛውን ፊት ማየቱ አለ። «በቀጠሮ ይቅረብ» ሲባል ስንቁ ያልቃል፤ ስንቅ ሲያልቅ ከጠላ ቤት መብላት፣ ከዘመድ ቤት ወይም በኪራይ ማደር ይመጣል። ምስክሮች ይጋበዛሉ። ያሸነፈ ሰንጋ ይጥላል፣ የተሸነፈ ይግባኝ ሊል ማርቆስ ይሄዳል፤ ማርቆስ ካልሆነለትም አዲስ አበባ። የጠላ ጠማቂዋ፣ የጠጅ ቤቱ፣ የማሽላ ነጋዴው፣ የጫማ ሰፊው ኑሮ በዚህ ሰልፈኛ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የጎጃም ባላገር ለርስቱ የከፈለው ብር ቢደመር ስንት ከተማ በሠራ ነበር፤ ግን ያ ብር እዚያው ከተማዋ ውስጥ ይዞር እንደነበርም መካድ አይቻልም።

ለርስት የነበረው ስስት ምን ያህል እንደነበር በ1960 ዓ.ም. ታየ። መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ ገበሬው የሰማው ሌላ ነገር ነበር፤ መሬት ሊለካ፣ ርስት ሊወሰድ ነው። ሞጣና ቢቸና ከአመፁ ዋና ማዕከላት መካከል ሆኑ። ጦር መጣ፣ አውሮፕላንም መጣ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ከዚያ በፊት በአምስቱ ዓመት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ የተዋጉበትም አገር ይኸው ነው። የቢቸና ሰው ስለ በላይ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል፤ ጣሊያንን ያርበደበደ ጀግና በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገሩ መንግሥት መሰቀሉ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ቁስል ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሆነ። ስለዚህ አዋጅ ብዙ ተጽፏል፤ በትናንሽ ከተሞች ላይ ያመጣው ግን እምብዛም አይወሳም። የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ የራሳቸው የፍርድ ሸንጎ ተሰጣቸው። የድንበርና የመሬት ክርክር እዚያው ቀበሌው ውስጥ ይታይ ጀመር። ርስት የለም፤ ስለዚህ የርስት ሙግት የለም። ስንቁን ቋጥሮ ከተማ የሚገባው ተሟጋች ቀነሰ። ለገበሬው እፎይታ የሆነው ነገር ለጠላ ቤቷ እመቤት የገበያ መድረቅ ነበር።

ቀጥሎ ደግሞ እህሉ ተያዘ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቁሞ ገበሬው በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲሸጥ ተደረገ። ጎጃም ትርፍ አምራች ክፍለ ሀገር በመሆኑ የግል እህል ነጋዴ ጨርሶ የታገደበት ቦታ ሆነ። ኬላው ላይ አንድ ቁና ጤፍ እንኳ ይፈተሽ ነበር። የእህል ነጋዴ የሌለበት የጎጃም ከተማ ምን ይሆናል? ቢሮና ስብሰባ ብቻ ይቀረዋል። በዚያው ዘመን ከአምበር ብዙም ሳይርቅ የትኖራ ላይ የተቋቋመው የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር «ወልባ» የሚባለው ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ የአብዮቱ ማሳያ ተደርጎ ነበር። መሬት፣ በሬና ጉልበት በጋራ የተደረጉበት ማኅበር ነበር። በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ በአገሪቱ እንዳሉት አብዛኞቹ አምራች ማኅበራት ፈረሰ። ዓመታት የፈጀ ግንባታ በአንድ አዋጅ መናዱ፣ ገበሬው ከመጀመሪያው ምን ያህል እንዳልወደደው ይናገራል።

በ1983 መንግሥት ተለወጠ። ብዙም ሳይቆይ አውራጃ የሚባለው እርከን ከነአካቴው ቀረ። ሥልጣኑ ክልል፣ ዞንና ወረዳ ሆነ፤ ዞኑ ማርቆስ፣ ክልሉ ባሕር ዳር። ቢቸና የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ሆነው ቀሩ። ትናንት ሌሎች ወረዳዎችን የሚያዝዙ ከተሞች ዛሬ ከጎረቤቶቻቸው እኩል ሆኑ። አምበር በተቃራኒው የወረዳ መቀመጫ ስትሆን አንድ ደረጃ ወጣች፤ ቢሮ፣ መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ የወር ደመወዝ አገኘች። ነገር ግን ማርቆስ ቅርብ በመሆኑ ደመወዙ በእጅ ሳይሞቅ ይወጣል። ሠራተኛው ለልብስም፣ ለሕክምናም፣ ለሞባይልም፣ ለቆርቆሮና ለሚስማርም ማርቆስ ይሄዳል። ሚኒባስ ተሳፍሮ ለመሄድ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ የአሜሪካን መካከለኛ ምዕራብ ማንሣት ይጠቅማል፤ ልዩነቱ ይታያልና። በዚያ አገር ሜዳ ላይ በእርሻ ዳር የቆሙ ትናንሽ ከተሞች ተራቁተዋል። በነብራስካ ግዛት ሞኖዋይ የምትባል መንደር በ1930ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር 150 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር፤ በ2010ሩ የአሜሪካ ቆጠራ አንድ ነዋሪ ብቻ ተገኘባት። ምክንያቱ ይታወቃል። ትራክተርና ኮምባይነር መጡ፣ የአሥሩን ቤተሰብ እርሻ አንድ ሰው አረሰው፣ ሌላው ከተማ ገባ። በጎጃም የሆነው ግልባጩ ነው። ገጠሩ አልተራቆተም፤ ሞልቶ ፈሰሰ። ከተማዋ የምትዳከመው ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ሰው እየበዛ ሥራ ጠፍቶ ነው።

የመሬቱ ነገር በ1989 ዓ.ም. ዳግም ተነሣ። በዚያ ዓመት በአማራ ክልል፣ በተለይም በጎጃም፣ መሬት እንደገና ተከፋፈለ። «ቢሮክራት» የተባለው፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበረው ሰው፣ አራት ጥማድ ብቻ ተተወለት፤ አንድ ሄክታር ማለት ነው። የተቀረው መሬት ለሌላቸው ተሰጠ። ያኔ ያገኘ ደስ አለው፤ የተቀማ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ አጠቃላይ ድልድል አልተደረገም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በጎዛምንና በደሴ ዙሪያ በተጀመረ ሙከራ ገበሬው የይዞታ ደብተር ማግኘት ጀመረ፤ መሬቱ እንደማይነጠቅበት ተስፋ አደረገ። ጥሩ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በድልድሉ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ሊሞላው ነው። ደብተሩ የአባቱ ነው። አባቱ አራት ጥማዱን ለአምስት ልጅ ቢያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ለጎመን እንኳ አይበቃም።

ይህ ልጅ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ትምህርት ነው። የጎጃም ልጅ ዕውቀት ፍለጋ ከቤቱ መውጣቱ አዲስ አይደለም። ቅኔ ሊቆጥር ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ድረስ በእግሩ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ከመኪና መንገድም ከከተማም በፊት የነበረ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ያው ልማድ ቀጠለ። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከተማ ውስጥ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር ጠባብ ክፍል ይከራያል፤ ሽሮውንና በርበሬውን ከቤት ያመጣል፤ ዓርብ ሲደርስ ስንቅ ሊያመጣ በእግሩ ይገሰግሳል፤ እሑድ ማታ ጀርባው ላይ ቋጥሮ ይመለሳል። ለአምበርና ለመሰሎቿ ይህ ተማሪ ትልቅ ሀብት ነው። ኪራዩ ትንሽ ብትሆንም ለብዙ አሮጊት ብቸኛዋ ገቢ ናት። ከእስክሪብቶው፣ ከሻይ ከዳቦው፣ ከፎቶ ኮፒው የሚለቀም ሳንቲምም አለ። የትልቁን ሙግት ቦታ የያዘው እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን የትምህርቱ በር ጠበበ። የ2014 ዓ.ም. የማጠናቀቂያ ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲሰጥ ሲደረግ፣ በመላው አገሪቱ ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኩረጃ መቅረቱ ተገቢ ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። ላቦራቶሪና መጻሕፍት በሌለበት ትምህርት ቤት፣ በኩራዝ ወይም በስልክ መብራት ያነበበው ልጅ ግን ከከተማው ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን ተመዘነ። ስንቅ ሲያመላልስ የኖረበት አራት ዓመት በአንድ ሳምንት ተፈረደበት።

ሁለተኛው መንገድ ስደት ነው። በመኸር ሁመራና መተማ ለሰሊጥ አጨዳ፤ ሌላ ጊዜ አዲስ አበባ። በአዲስ አበባ ጎዳና «የዛሬ! የዛሬ!» እያለ ሎተሪ የሚያዞረው፣ ጫማ የሚጠርገው፣ ፎቅ ሲሠራ ድንጋይ የሚሸከመው፣ ሌሊት በር የሚጠብቀው ልጅ ከየት እንደመጣ ቢጠየቅ ጎጃም ማለቱ አያስገርምም። ብሩን ይልካል፤ ቤቱ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ እሱ ግን አይመለስም። ከተማዋ ጉልበት ልካ ገንዘብ ትቀበላለች፤ ጉልበቱ ግን እዚህ ቢውል ምን ይሠራ እንደነበር የሚያሰላ የለም።

ስንት ሰው እንደሄደና ስንት እንደቀረ ለማወቅ ቆጠራ ያስፈልግ ነበር። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ በ2009 መሆን ነበረበት፤ ተራዘመ፣ በ2011ም እንደገና ተራዘመ። ለአምበር የውኃ መስመር የሚዘረጋ፣ ለቢቸና ጤና ጣቢያ የሚያቅድ ባለሙያ የሚሠራው ከዚያ ዘመን ቁጥር ተነሥቶ በተሰላ ግምት ነው።

መንገዱም ተለውጧል። በዓባይ ሸለቆ በጃፓን እርዳታ መንገዱ ተጠግኖ አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመረቀ። መኪናው ፈጠነ። አዲስ አበባ ቁርስ በልቶ ማርቆስ ምሳ የሚበላ ተሳፋሪ በመካከል ባለች ከተማ ለምን ይቆማል? የሞጣው መስመር አስፋልት ሲሆን ደግሞ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር አጭሩ መንገድ እሱ ሆነ። ለቢቸናና ለሞጣ ትንሣኤ መሰለ፤ በማርቆስ በኩል ላሉት ከተሞች ግን ሌላ የተሳፋሪ ቅናሽ። ትንሽ ከተማ በመንገድ ተሠርታ በመንገድ ትጎዳለች።

ይህ ሁሉ ሳይለይለት 2015 መጣ። በክረምቱ መግቢያ የማዳበሪያ እጥረቱ ገበሬውን አደባባይ አወጣው። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ክልሉ ወደ ጦርነት ገባ። ምሥራቅ ጎጃም ከተጎዱት ቦታዎች ግንባር ቀደም ነው። መንገድ የሚዘጋበት ቀን ከሚከፈትበት የበዛበት ጊዜ ነበር። ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ስንቁን ተሸክሞ ይመላለስ የነበረው ተማሪ ቀረ፤ ክፍሏን ታከራይ የነበረችው አሮጊት ባዶ ክፍል ቀራት። የሞተውና የቆሰለው ከሁሉ ይቀድማል፤ የሰው ሕይወት ከከተማ ዕድገት ጋር አይነጻጸርም። ሆኖም ተቋርጦ የቀረ የትምህርት ዓመት እንደ ድልድይ ተጠግኖ የሚመለስ አይደለም።

ታዲያ ተስፋው ምን ላይ ነው? ጤፉ ላይ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም. ያወጣው «ቁንጮ» የተባለ ነጭ ጤፍ የምሥራቅ ጎጃምን ገበሬ ልብ ገዝቷል። ማሳ ለማሳ የሚዋሰኑ ገበሬዎች አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ጊዜ የሚዘሩበት ኩታ ገጠም እርሻም ተለምዷል። የጎጃም ጤፍ በአዲስ አበባ እህል በረንዳ ስሙ የተጠራ ነው። ግን እህሉ አምበር አያድርም። አውድማ ላይ ተሰፍሮ አይሱዙ ላይ ተጭኖ በቀጥታ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ይበጠራል፣ ይነፋል፣ ይፈጫል፣ ይጋገራል፤ እንጀራው በአውሮፕላን ባሕር ማዶ ተሻግሮ ዋሽንግተን ለሚኖር ሐበሻ ይደርሳል። በዚህ ረጅም ሰንሰለት ውስጥ የሚከፈለው ደመወዝ ሁሉ ዓባይን ከተሻገረ በኋላ ያለ ነው። ከዓባይ ወዲህ የሚቀረው የገበሬው ዋጋና የጫኝ አውራጁ ብር ነው።

እዚህ ላይ የተወላጆቹ ነገር ይነሣል። ከአምበርም፣ ከቢቸናም፣ ከሞጣም ወጥተው አዲስ አበባና ውጭ አገር የተደላደሉ ልጆች አገራቸውን አልረሱም። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ፣ ለትምህርት ቤት ወንበር ያዋጣሉ። የሚያስመሰግን ነው። ግን ከዚህ መዋጮ ጥቂቱ እንኳ ለጤፍ ማበጠሪያና ለዘመናዊ ወፍጮ ቢውል፣ ፈተናውን ያላለፈው ልጅ ሎተሪ ለማዞር ሳይሄድ ከተማው ውስጥ ሥራ ባገኘ ነበር። ነገሩ ከባዶ የሚጀመር አይደለም። ማርቆስ ላይ የጎዛምን የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አለ፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም አለ። የአምበር ለማርቆስ መቅረብ እስካሁን ገንዘቧን ሲያፈስስባት ኖሯል፤ መጋዘንና ወፍጮ ለሚተክል ሰው ግን ዋና መንገድ ላይ መሆኗ፣ የዩኒየን ጽሕፈት ቤትና የተማረ ሰው በቅርብ ማግኘቷ ትልቅ ነገር ነው። መንገዱ ሲከፈትና ሰላም ሲሰፍን መጀመሪያ መታየት ያለበትም ይኸው ነው፤ ባዶውን ገብቶ እህል ጭኖ ከሚወጣው አይሱዙ መካከል ስንቱ ዱቄት ጭኖ ይወጣል።